የደበቀችው ጣፊያ

የመድኃኒት ምርምር ተቋሙ ሰዎች «ምላጭ» የሚሏት ሴት፣ ታናሽ እህቷ አለቃ ሆና የመጣች ዕለት ጣቷን ቆረጠች። በአስራ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎቷ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባት አያውቅም።

ስራዋ መቁረጥ ነው። ከምድር ቤቱ ኮሪደር መጨረሻ፣ መስኮቱ ወደ ጄነሬተሩ የሚያይ ጠባብ ክፍል አላት። እዚያ ውስጥ እስከ ደረቷ የሚደርስ፣ ሆዱ ከበረዶ የቀዘቀዘ መቁረጫ ማሽን ቆሟል። አይጦች የሚሞከር መድኃኒት ይወጋሉ፤ ከዚያ ጉበታቸው፣ ኩላሊታቸው፣ ሳንባቸው በበረዶ ደርቆ ወደ እሷ ይመጣል። እሷ ከጸጉር ሰባት እጥፍ አቅጥና ትቆርጠውና በትንሽ ብሩሽ ጫፍ እያባበለች መስታወት ላይ ታሳርፈዋለች። ከተሸበሸበ ወይም ከተቀደደ ተመራማሪዎቹ በማይክሮስኮፕ የሚያዩት ነገር አይኖርም። የእሷ ተሸብሽቦ አያውቅም። ቅጽል ስሙን ያወጡላት የአይጥ ቤቱ ጠባቂ ሲሆኑ፣ እጇን ብቻ ሳይሆን ምላሷንም አስበው ነው ይባላል።

የዚያን ዕለት ዳይሬክተሩ አዲሷን የምርምር ኃላፊ ክፍል ለክፍል እያዞሩ ሲያስተዋውቁ ከእሷ በር ደረሱ። «ይቺ ደግሞ የኛ ምላጭ ናት» ብለው ሳይጨርሱ ኃላፊዋ ቦርሳዋን ጥላ «እትዬ!» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«ትተዋወቃላችሁ?»

«ታላቅ እህቴ ናት!»

ዳይሬክተሩ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ዓይናቸውን አመላለሱ። ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ ሳቅ ለመፍጠር ያህል ብቻ «ታዲያ አንቺ ምነው እዚህ ታች ቀረሽ?» አሉ። አጅበዋቸው የመጡት ሰዎች ሳቁ። ምላጭም ሳቀች። በሩ ሲዘጋ ወደ ማሽኑ ተመለሰች፤ ጣቷ ሲቆረጥ አልተሰማትም፤ ያወቀችው ነጩ በረዶ ላይ ቀይ ነገር ስታይ ነው።

ሰው ሲቀና «ቆሽቴ አረረ» ይላል። ምላጭ በሺ የሚቆጠር ቆሽት ስለቆረጠች ቆሽት እንደማያርር በደንብ ታውቃለች። ያን ቀን ግን የሆነ ነገር ውስጧ ሲያርር ሽታው አፍንጫዋ ድረስ መጣ።

ነገሩ የቆየ ነው። ምላጭ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለች አባታቸው አንድ ጠዋት ጫማቸውን ሊያስሩ ጎንበስ እንዳሉ በዚያው ግማሽ ጎናቸው ሽባ ሆነ። ሰርቶ ለቤቱ ገንዘብ የሚያመጣ ሰው ያስፈልግ ነበር። ማንም ተቀምጦ አልተመካከረም። እናታቸው ብቻ ምሽት ላይ ሳህን እያጠቡ «አንቺ ጠንካራ ነሽ» አሏት፤ በዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ጉዳዩ አለቀ። ምላጭ ዩኒቨርሲቲውን ትታ የአንድ ዓመት የላብራቶሪ ስልጠና ወሰደች፤ ከዚያ ተቀጠረች። ታናሿ፣ ቤት ውስጥ ሚጣ የምትባለው፣ ያኔ አስራ አምስት ዓመቷ ነበር። ሚጣ ተማረች፤ ደገመች፤ ሠለሰች። ውጭ ሄዳ ዶክተር ሆና መጣች። እናታቸው የምረቃ ፎቶዋን ሳሎን ውስጥ ከመስታወቱ አጠገብ ስለሰቀሉት፣ ምላጭ ጸጉሯን ለማበጠር በቆመች ቁጥር ከራሷ ፊት ጎን የእህቷን ፊት ታይ ነበር።

ምላጭ እህቷን ትወዳታለች። ይህን ማንም አይጠራጠርም፤ እሷም አትጠራጠርም። ነገር ግን መውደድና መቅናት አንድ ሆድ ውስጥ ሲያድሩ አንዱ ሌላውን አያስወጣውም።

በሁለተኛው ቀን ሚጣ በሯን አንኳኩታ ገባች። ነጩ ጋውን ላይ ማዕረጓ በሰማያዊ ክር ተጠልፏል።

«እትዬ፣ ጣትሽን ምን ሆንሽ?»

«ደህና ነኝ፤ ምን ልታዘዝ ዶክተር?»

«ኧረ ባክሽ! ሚጣ በይኝ እንጂ።»

«እዚህ መስሪያ ቤት ሚጣ የምትባል ሰው አላውቅም። እርስዎ ኃላፊ ነዎት፤ እኔ ቆራጭ ነኝ።»

«እርስዎ» የምትለው ቃል እንዲህ ስለት እንዳላት ምላጭ ቀድሞ አታውቅም ነበር። የእህቷ ፊት ሲቀላ አየች፤ ደስም አላት፤ ደስ ማለቷም አስጠላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምላጭ እህቷን በስራ ሰዓት አንቱ ብቻ ትላት ጀመር። የእሁድ ምሳ ላይ እናታቸው ዘንድ ሲገናኙ ወደ «አንቺ» ትመለሳለች፤ ሰኞ ጠዋት እንደገና ወደ «እርስዎ»።

ሚጣ ይዛው የመጣችው ጥናት የተቋሙን ሰው ሁሉ አነቃንቆታል። አንድ የታወቀ የካንሰር መድኃኒት ነበር፤ ዕጢውን ይገድላል፣ ግን የነካውን ሌላ አካል ሁሉ ያቃጥላል። ሚጣ ያንን መድኃኒት ዓይን በማያያቸው ጥቃቅን የስብ ከረጢቶች ውስጥ ጠቅልላ፣ በደም ስር ልካ፣ ዕጢው ዘንድ ብቻ እንዲፈታ ልታደርግ ነው። ከረጢቶቹ የት እንደደረሱ እንዲታይም አረንጓዴ የሚያበራ ቀለም አብራ አስገባችበት። በስብሰባ ላይ ስትናገር እጇ እንደ ወፍ ይበር ነበር። ምላጭ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ሰዎቹ የእህቷን አፍ ሲያዩ እሷ የሰዎቹን ፊት ታይ ነበር። እንዲያ አድርጎ ያያት ሰው በሕይወቷ የለም።

ስራው ተጀመረ። አይጦቹን የምትከፍተውም ምላጭ ነበረች። ከኃላፊዋ የመጣው ቅጽ ዕጢ፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ ሳንባና ልብ እንዲቆረጥ ያዛል፤ ጣፊያ የለበትም። ቅጹ መድኃኒቱ ሳይጠቀለል እንዲሁ በሚሰጥበት ዘመን ከተሰራ ጥናት የተገለበጠ ነው። ያኔ ጣፊያ ውስጥ ምንም ስላልተገኘ ማንም አላስታወሰውም። ምላጭ ግን የከፈተችውን አካል በከንቱ የመጣል ልማድ የላትም። ጣፊያዎቹን በትንንሽ የፕላስቲክ ከረጢት እያደረገች፣ ቁጥር እየጻፈች፣ በማቀዝቀዣው ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጣቸው ነበር።

ከአንድ ወር በኋላ ሚጣ ግራ ተጋባች። በየአካሉ ያገኘችውን መድኃኒት ስትደምር ከተወጋው ሲሶው የለም። ዕጢው ዘንድ የደረሰው ካሰበችው በጣም ያነሰ ነው፤ ጉበትም አልያዘውም፤ በሽንትም አልወጣም። ልኬቱ ተደገመ። ያው ነው። ሚጣ በኮሪደሩ ስትመላለስ ከንፈሯን ትነክስ ጀመር፤ ይህን ልጅ ሆና ሂሳብ ሲያቅታት ታደርገው ነበር።

ምላጭ ያኔ አንድ ነገር ታውቃለች፤ ሌላው ሰው አያውቅም። መድኃኒቱን የተወጉት አይጦች ጣፊያ፣ ካልተወጉት ይልቅ ወፈር፣ ጠቆር ያለ ነበር። በእጇ ስትይዘው ልዩነቱ ይታወቃታል። አንድ ቀን ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ ታችኛውን መሳቢያ ከፈተች። ከተወጋው አይጥ አንድ ጣፊያ፣ ካልተወጋው አንድ ጣፊያ አወጣች። ሁለቱንም ቆርጣ አንድ መስታወት ላይ ጎን ለጎን አሳረፈቻቸው፤ ምክንያቱም ደም ራሱ ትንሽ የማብራት ጠባይ አለው፤ የሚያወዳድሩት ከሌለ ሰው ይሸወዳል። እንደ ልማዷ በመስታወቱ ጠርዝ ላይ ቁጥሩንና ቀኑን በእርሳስ ጽፋ ጨለማው ክፍል ገባች።

ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ስትል ያልተወጋው ጣፊያ ፈዘዝ ብሎ ተቀመጠ። ወደ ሌላው ገፋ ስታደርገው ከላይ እንደታየ ከተማ አረንጓዴ መብራት ሞላው። ደም በሚጣራበት በቀዩ ክፍልና በዙሪያው ባለው ጠርዝ ላይ ተከማችቷል።

አልገረማትም፤ ወዲያው ገባት። ጣፊያ ከግራ ጎድን ስር ተሸሽጎ ሰው ሳያመሰግነው የሚሰራ የደም ማጣሪያ ነው። ያረጁ ቀይ የደም ህዋሳት በጠባብ ስንጥቆቹ እንዲያልፉ ያስገድዳቸዋል። ለስላሳው ተጣጥፎ ይሾልካል፤ የደረቀው እዚያው ይቀራል፤ እዚያ ተሰልፈው የሚጠብቁ በላተኛ ህዋሳት ይውጡታል። በደም ውስጥ የሟሟ ተራ መድኃኒት ሲያልፍ ጣፊያ ጉዳዩም አይደለ። ከረጢት ተጠቅልሎ ሲመጣ ግን ያረጀ ህዋስ ወይም ጀርም መስሎት ይይዘዋል። የሚጣ ከረጢቶች ትልልቅና ደረቅ ያሉ ነበሩ፤ ስለዚህ ሲሶው እዚያ ቀረ። ከጊዜ በኋላ መጽሐፍ የተማረ ሰው ይህን በብዙ ገጽ ጻፈው፤ ምላጭ በምሳ ሰዓት ቆማ አየችው።

መጀመሪያ የመጣላት ሃሳብ ሮጣ መንገር ነበር። ተነሳች። በሩን ይዛ ሳለ፣ ቀጥሎ የሚሆነው ሁሉ ፊቷ ድቅን አለ፤ ሚጣ ታቅፋታለች፤ ከዚያ ሰኞ ስብሰባ ላይ ሚጣ እጇን እንደ ወፍ እያበረረች «መድኃኒቱ ጣፊያ ውስጥ ነው» ትላለች፤ ሰዎቹ አፏን ያያሉ፤ ምስጋናው ላይ «ለቴክኒክ ባለሙያዎቻችን» ተብሎ ይታለፋል። ከአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ብቻዋን ያየችው፣ የራሷ የሆነ አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው። እጇን ከበሩ አነሳች። መስታወቱን በወረቀት ጠቅልላ መሳቢያዋ ውስጥ፣ ከጓንቶቹ ስር ከተተችው።

ነገ እነግራታለሁ አለች። በማግስቱም ነገ አለች።

በዚያ ሳምንት እሁድ ምሳ ላይ ሚጣ ሾርባዋን ሳትነካ ተነስታ መኝታ ቤት ጋደም አለች። እናታቸው ወደ ምላጭ ዞሩ።

«እህትሽን ምን ነካት? ከሳች እኮ።»

«ስራ በዝቶባት ነው።»

«አንድ መስሪያ ቤት አይደላችሁ? አግዣት እንጂ።»

«እኔ ምን አውቄ ነው እማዬ? ቆራጭ አይደለሁ?»

«እሱማ አዎ» አሉ እናት። «ብቻ አይዞሽ በያት። ጭንቅላት የሚጠይቅ ስራ ሰውን ይበላል።»

ምላጭ ማንኪያዋን አስቀመጠች። እናቷ ክፉ ነገር መናገራቸውን አላወቁም፤ ዳቦውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት።

በቀጣዩ ሳምንት ሚጣ ራሷ ወደ ጠባቧ ክፍል መጣች። በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ፣ ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ጄነሬተሩ ይንጎራጎራል።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከኔ ይልቅ እነዚህን እንስሳት የምታይው አንቺ ነሽ። ምን ይመስልሻል? የት ሊገባ ይችላል?»

መልሱ ይህን ያህል ቀርቦ ነበር። መሳቢያው ከጉልበቷ አንድ ክንድ አይርቅም። ምላጭ አፏን ከፈተች። ከአፏ የወጣው ግን ይህ ነው፦ «እኔ የታዘዝኩትን ነው የምቆርጠው ዶክተር። ቅጹ ላይ ያለውን።»

ሚጣ ቀስ ብላ ተነሳች። «እሺ» ብላ ወጣች። ከሰዓት በኋላም ውሳኔዋን አሳወቀች፤ መጠኑ ይጨመር፤ እጥፍ ይደረግ፤ በመንገድ የሚጠፋው ይጥፋና የተረፈው ዕጢው ዘንድ ይድረስ።

ውሳኔው ምላጭ ዘንድ ደረሰ። የተጨመረው ሁሉ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለች። ጣፊያ ማጣሪያ ብቻ አይደለም፤ ሰውነት ጀርምን የሚዋጋባቸው ህዋሳት የሚሰፍሩበት ካምፕም ነው። ህዋስ የሚገድል መድኃኒት እጥፍ ሆኖ እዚያ ሲራገፍ ምን እንደሚፈጠር ለማወቅ ዶክተር መሆን አያስፈልግም። ሁለት ጊዜ እስከ ደረጃው ድረስ ሄዳ ተመለሰች። ከደረጃው በላይ የእህቷ ድምፅ ከሰዎች ጋር ሲስቅ ይሰማ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ያ ሳቅ መለሳት።

አይጦቹ በአስረኛው ቀን መታመም ጀመሩ። ጤነኛ አይጥን በማይበግረው ተራ ጀርም እየተያዙ አስራ አንዱ ሞቱ። የአይጥ ቤቱ ጠባቂ በትሪ ላይ አድርገው ራሳቸው አመጧቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ለእያንዳንዷ አይጥ የሚያስቅ ስም የሚያወጡ ሰው ናቸው።

«ምላጭ፣ ምን አደረጋችኋቸው?» አሏት። «ጠዋት ምግብ ስሰጣቸው ጥግ ላይ ተኮራምተው አዩኝ። አያዩኝም ነበር እኮ፤ ሁልጊዜ ወደ ምግቡ ነው የሚሮጡት።»

ምላጭ ትሪውን ተቀብላ ጀርባዋን አዞረች።

ከዚያ የግምገማው ቀን መጣ። ከሌላ ተቋም አንድ ጸጉራቸው የሸበተ ፕሮፌሰር ተጋብዘዋል፤ ዳይሬክተሩ አሉ፤ ሃያ የሚሆን ሰው አዳራሹ ውስጥ ተቀምጧል። ሚጣ ያልተሳካውን ሁሉ ሳትደብቅ ዘረዘረች። «የጎደለው ሲሶ የት እንዳለ አላወቅንም። መጠኑን መጨመሬም ስህተት ነበር» አለች። ምላጭ ከኋላ ሆና ትጠብቅ ነበር። ምን ትጠብቅ እንደነበር ለራሷም አልነገረችም፤ ግን ትጠብቅ ነበር።

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ በአርባ ዓመት ውስጥ ውድቀቱን እንዲህ በግልጽ የተናገረ ተመራማሪ ያየሁት በጣት የሚቆጠር ነው። ኮራሁብሽ» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ።

ስትወድቅም ይጨበጨብላታል! ምላጭ ብድግ አለች። ወንበሩ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ግድግዳውን መታ።

«መድኃኒቱ አልጠፋም» አለች። «ጣፊያ ውስጥ ነው።»

ሰው ሁሉ ዞረ። ሮጣ ወረደች፤ መስታወቱን ከጓንቶቹ ስር አውጥታ ሮጣ ወጣች። ማይክሮስኮፑ ከግድግዳው ስክሪን ጋር ተያይዞ ነበር፤ የአዳራሹን መብራት አጠፉ፤ ያ አረንጓዴ ከተማ በሁሉም ሰው ፊት በራ።

«የደሙ የራሱ ብርሃን እንዳይሆን?» አሉ ፕሮፌሰሩ ከወንበራቸው ጎንበስ ብለው።

«ያልተወጋውን አጠገቡ አሳርፌዋለሁ።» ገፋ አደረገችው። ፈዛዛው ጣፊያ ታየ። «ከረጢቶቹ ትልልቅና ደረቅ ስለሆኑ ነው የሚያዙት። ቢያንሱና ቢለሰልሱ ያልፋሉ።»

«ማን አስተማረሽ ይህን?»

«ማንም።»

ፕሮፌሰሩ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ መታ አደረጉ። «ይህን የመሰለ ቁራጭ በሕይወቴ አላየሁም!» አሉ። ሃያ ሰው አያት። ምላጭ በደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ሲሰፋ ተሰማት፤ ለካ ሚጣ ሁልጊዜ የሚሰማት ይህ ነው፤ ለካ እንዲህ ይሞቃል።

ሚጣ ወደ ማይክሮስኮፑ ቀረበች። መስታወቱን አወጣችና ወደ ስክሪኑ ብርሃን ያዘችው። ጠርዙ ላይ በእርሳስ የተጻፈውን አነበበች። ቀኑ መጠኑ እጥፍ ከመደረጉ ከአስር ቀን በፊት ነው። ምላጭ የእህቷን ከንፈር አየች፤ ቀኖቹን ድምፅ ሳታወጣ ስትቆጥር አየች፤ ቆጥራ ስትጨርስም አየች።

አሁን ትናገራለች ብላ ጠበቀች። ሚጣ መስታወቱን ቀስ ብላ አስቀመጠችና ወደ ሰዎቹ ዞረች። «ይህን ነገር ከእህቴ ጋር አብረን ስንከታተለው ቆይተናል» አለች። «እርግጠኛ ሳንሆን መናገር አልፈለግንም። ግኝቱ የእሷ ነው።»

እንደገና ተጨበጨበ። ያ የሞቀው ነገር ምላጭ ደረት ውስጥ ወዲያው በረዶ ሆነ። እህቷ የዋሸችው ለእሷ ብላ ነው፤ ደግሞም ዓይኗን ሳታርገበግብ ነው።

ኮሪደሩ ላይ ሚጣ በአጠገቧ ስታልፍ ቆም አለች። «አስራ አንድ አይጥ» አለች በቀስታ። «ሄጄ ጠየቅኩሽ፤ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ ጠየቅኩሽ።» ከዚያ መንገዷን ቀጠለች።

ምላጭን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ ያበሳጫት ጥፋቷ ብቻ አልነበረም። እህቷ ተምራም በለጠቻት፤ ተዋርዳም በለጠቻት፤ አሁን ደግሞ በደግነት በለጠቻት። ይሄኛው ከሁሉ የባሰ ነበር። ሲነጋ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባችና ቆማ ተናገረች።

«ዶክተር ትናንት የተናገሩት እውነት አይደለም። ብቻዬን ነው ያየሁት። ደብቄው ነበር።»

«ለምን?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«ቀንቼ።»

ሰውየው እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። ብዙ ዓይነት ሰበብ ሰምተዋል፤ እንዲህ ያለው ግን አልገጠማቸውም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጧት፤ ከጥናቱም ለስድስት ወር አስወጥተው ወደ መዛግብት መጋዘኑ መደቧት። ከቢሮው እንደወጣች አይጥ ቤት ሄዳ ለጠባቂውም እውነቱን ነገረቻቸው። አዛውንቱ አልጮሁባትም። «አንቺ ነሽ እንግዲህ» ብቻ ብለው ውሃ መቀየር ቀጠሉ፤ ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ምላጭ ብለው ሳይሆን በመዝገብ ስሟ ጠሯት።

ሚጣ ወሬውን ስትሰማ እየሮጠች መጋዘኑ ድረስ ወረደች። አቧራ በለበሱ ካርቶኖች መካከል፣ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መስሪያ ቤት ውስጥ «አንቺ» ተባባሉ።

«ምን ነካሽ? አድኜሽ ነበር እኮ!»

«ማን አድኚኝ አለሽ? ደግሞ ለዚህም ላመሰግንሽ?»

«እኔ ምን አድርጌሽ ነው እትዬ? ንገሪኝ! ምን ሰረቅሁሽ?»

«ቦታዬን!»

ሚጣ ካርቶን ላይ ተቀመጠች፤ ነጭ ጋውኗን አቧራ ነካው።

«አባዬ ሲታመም አስራ አምስት ዓመቴ ነበር» አለች። «ማንም እኔንም አልጠየቀኝም። ሁሉም ሰው ‹እህትሽ ላንቺ ብላ ነው የቀረችው› እያለ ነው ያሳደገኝ። አንድ ፈተና ብወድቅ አንቺን የገደልኩ ነበር የሚመስለኝ። ይቅርታ ልልሽ ግን አልችልም። አልሰረቅሁሽም።»

ምላጭ ይህ እውነት መሆኑን ታውቃለች። እውነት መሆኑ ግን አላቀለላትም፤ የምትቀናበት ሰው ጥፋተኛ ሲሆን ይቀላል። እህትማማቾቹ ከዚያ ቀን ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆኑ። እሁድ ምሳ ላይ አንዷ ስትመጣ ሌላዋ ሰበብ አበዛች፤ እናታቸውም ሁለት ጊዜ ምሳ ማቅረብ ለመዱ።

ስድስቱ ወር ሲያልቅ ምላጭ ወደ ጠባቧ ክፍል ተመለሰች። በእሷ ቦታ የቆየው ሰው የቆረጠው ሁሉ ተሸብሽቦ ስለነበር ሚጣ ግማሹን ስራ ጥላዋለች። ከረጢቶቹ አንሰውና ለስልሰው እንደገና ተሰርተዋል። ምላጭ አይጦቹን ከፈተች፤ ጣፊያዎቹ ቀለል ያሉ ነበሩ። ቆረጠች፤ አየች፤ መብራቱ ከጣፊያው አብዛኛው ጠፍቶ ዕጢው ውስጥ በርቷል። የዚህን ጊዜ መስታወቱን መሳቢያ አላስገባችውም። ደረጃውን ወጣች፤ የእህቷን በር አንኳኳች።

«ነይ እይው» አለች። ያለ «ዶክተር»፣ ያለ «እርስዎ»።

ጨለማው ክፍል ውስጥ ሚጣ ጎንበስ ብላ ረጅም ጊዜ አየች። ስትነሳ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። አልተቃቀፉም። ግን እዚያው ቆመው ስለ ስንጥቆቹ፣ ስለ በላተኞቹ፣ ደግሞ ጣፊያ ውስጥ ስለሚደበቁ የደም ካንሰሮች አወሩ፤ ጣፊያ ከረጢቱን እንዲህ የሚወድ ከሆነ ለእነዚያ በሽታዎች ትልልቁን ከረጢት ሆን ብሎ ወደዚያ መላክ ይቻል እንደሁ ተከራከሩ። ክርክሩ አንድ ሰዓት ፈጀ። ምላጭ ሦስት ጊዜ ተረታች፤ አራት ጊዜ ረታች።

ጽሑፉ በታተመ ጊዜ የምላጭ ስም ከሚጣ ስም ቀጥሎ ነበር። በመጀመሪያ ያየችው ስሟን አልነበረም፤ ከላይ ያለውን ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ ይህን እያሰበች ተብሰለሰለች።

ሚጣ ስለ ጣፊያው እንድትናገር ሌላ አገር ተጠራች። ግብዣው ለአንድ ሰው ነው። በመነሻዋ ጠዋት ምላጭ እናታቸው ቤት መጥታ ሚጣ በንግግሯ የምታሳያቸውን ምስሎች አንድ በአንድ አየችላት፤ አንዱ ላይ ግራና ቀኙ ተገልብጦ አገኘችውና አስተካከለችው። ሻንጣውን ተሸክማ እስከ ታክሲው ሸኘቻት።

«እወቂው ብዬ ነው» አለች ምላጭ ሻንጣውን ኋላ እየከተተች። «ቀንቻለሁ። አሁንም፣ እዚሁ እንደቆምኩ።»

«አውቃለሁ» አለች ሚጣ። «ፊትሽ ላይ ይነበባል።»

«ደህና ተናገሪ። እጅሽን በጣም አታብርሪ፤ ሰው ምስሉን ትቶ እጅሽን ያያል።»

ሚጣ ሳቀች፤ ታክሲው ሄደ። ምላጭ በእግሯ ወደ ስራ ሄደች። መንገዱ ላይ ሁለት ጊዜ አውሮፕላን ሲያልፍ ቀና ብላ አየች፤ ሁለቱም የእህቷ ሊሆኑ አይችሉም፤ ገና ጊዜው አልደረሰም። ክፍሏ ስትደርስ የአይጥ ቤቱ ጠባቂ አዲስ ትሪ በሩ ላይ ትተውላት ሄደዋል። ጓንቷን አጠለቀች፤ እስከ ምሳ ሰዓት አርባ ሁለት መስታወት ሰራች፤ አንዱም አልተሸበሸበም።